ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ንፍጥና አልወጣ የሚል አክታ፦ ምንጩን ከመለየት እስከ ማቃለል

ቀኑን ሙሉ «እህ፣ እህ» እያሉ ጉሮሮዎን ይጠራርጋሉ፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም፤ ቢወጣም ጥቂት ነጭ አረፋ ነው። ማታ ጋደም ሲሉ ከአፍንጫ ጀርባ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲወርድ ይሰማዎታል። ጠዋት ድምፅዎ ጎርንኖ፣ አፍዎ ደርቆ፣ ጉሮሮዎ ላይ ሙጫ የተለጠፈ መስሎዎት ይነሳሉ። ይህ የገጠመው ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው «አክታ በዝቶብኛልና የሚያደርቅ መድኃኒት ልውሰድ» ብሎ ነው። ነገር ግን ችግሩ በአብዛኛው የአክታው መብዛት ሳይሆን መወፈሩ ነው፤ የሚያደርቅ መድኃኒት ደግሞ የወፈረውን ይበልጥ ያወፍረዋል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ምንጩን ማወቅ ይቀድማል።

የጤነኛ ሰው አፍንጫና ሳይነስ (በጉንጭና በግንባር አጥንት ውስጥ ያሉ ከአፍንጫ ጋር የተገናኙ ባዶ ክፍተቶች) በቀን ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያመርታሉ። አብዛኛው ውኃ ነው፤ ቀሪው እንዲዝለገለግ የሚያደርገው ፕሮቲን፣ ጨውና ጀርም የሚዋጉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አቧራውንና ጀርሙን አጣብቆ ይይዛል፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ደግሞ እየቀዘፉ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮ ይነዱታል። እዚያ ሲደርስ ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ ከዚያ በኋላ የጨጓራ አሲድ ሥራ ነው። «አክታ መዋጥ ይጎዳል ወይ?» ብለው የሚጨነቁ ካሉ፣ ሲውጡት ነው የኖሩት፤ አይጎዳም።

ይህ ዝምተኛ ፍሳሽ የሚሰማን በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ በእርግጥ በዝቶ ሲመረት፤ ሁለተኛ፣ ወፍሮ ፀጉሮቹ መግፋት ሲያቅታቸው፤ ሦስተኛ፣ ፈሳሹ እንደ ወትሮው ሆኖ ጉሮሮው ራሱ ሲቆጣ። ብዙዎች የሚረሱት ሦስተኛውን ነው። የተቆጣ ጉሮሮ ላይ ልክ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ትንሿ ጠብታ ትልቅ ትመስላለች።

መጀመሪያ፦ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

ለ7 ቀን ማስታወሻ ይያዙ። ስሜቱ የባሰበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የበሉትን ወይም ያደረጉትን፣ አፍንጫዎ ታፍኖ ወይም ፈስሶ እንደነበረ፣ የወጣ ነገር ካለ ደግሞ መልኩን ይጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ መልክ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

አፍንጫና ዓይን የሚያሳክክ ከሆነ፣ በተከታታይ የሚያስነጥስዎት ከሆነ፣ ንፍጡም እንደ ውኃ ከቀጠነ አለርጂን ይጠርጥሩ። ቤት ሲጠርጉ፣ አልጋ ሲያነጥፉ፣ ከድመት ጋር ሲሆኑ ወይም በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚነሳ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ማሳከክ የሌለበት፣ ግን ቀዝቃዛ አየር፣ ሽቶ፣ ጭስ ወይም የሚያቃጥል ምግብ ሲያገኘው ወዲያው የሚንጠባጠብ አፍንጫ ደግሞ «ቁጡ አፍንጫ» ልንለው እንችላለን። የአለርጂ ምርመራው ምንም አያሳይም፤ የአለርጂ ክኒንም እምብዛም አያሻለውም።

ጉንፋን በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ሳሉ ግን እስከ 3 ሳምንት ሊጎተት ይችላል። ንፍጡ መጀመሪያ ጥርት ብሎ፣ ኋላ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ፣ እንደገና ይጠራል። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ነጭ የደም ሴሎች ካላቸው ኢንዛይም ነው፤ ሰውነት እየተዋጋ መሆኑን እንጂ ባክቴሪያ መኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም። ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ከቀጠለ፣ ወይም ተሻለ ሲሉት ተመልሶ ከከፋ፣ በዚያ ላይ ጉንጭ ወይም ግንባር ላይ የመጫን ስሜት፣ የላይኛው ጥርስ ሕመምና የማሽተት መቀነስ ካለ ሳይነስ ተመርዟል ማለት ሊሆን ይችላል። 12 ሳምንት ያለፈው ሥር የሰደደ ይባላል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው።

አፍንጫው ደህና ሆኖ ጉሮሮው ብቻ ሲያስቸግርስ? ከምግብ በኋላ፣ ሲያጎነብሱ ወይም ሲተኙ የሚብስ፣ ጠዋት ድምፅ የሚያጎረንን፣ ጉሮሮ ላይ ጓል የቆመ የሚያስመስል ከሆነ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ላይ እየተመለሰ (ሪፍለክስ) ሊሆን ይችላል። ቃር የግድ መኖር የለበትም። ይህ የሚያሳስተው ብዙ ሰው ነው፤ «ቃር የለብኝም» ብሎ ለወራት አፍንጫውን ሲያክም ይከርማል።

የሚወስዱትን መድኃኒትም ይመልከቱ። እንደ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ጉሮሮ የሚኮረኩር ደረቅ ሳል ያመጣሉ። በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪሙ በሌላ ዓይነት ሊቀይረው ይችላል። እርግዝናም አፍንጫን ያሳብጣል፤ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይለቃል። ዘወትር የሚታፈነው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ተጣሞ ወይም ውስጡ ሥጋ በቅሎ ይሆናል፤ እሱን ማየት የሚችለው ሐኪም ነው።

ሁለት ምንጭ አንድ ላይ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም። አለርጂና ሪፍለክስ ያለበት ሰው አንዱን ብቻ ካከመ ግማሽ ለውጥ ያገኝና «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ

ከቤት ውስጥ ዘዴዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው። የወፈረውን ያቀጥናል፤ አቧራና የአለርጂ ብናኝን ያጥባል፤ ከዚያ በኋላ የሚረጨው መድኃኒትም ንፍጥ ላይ ሳይሆን ሥጋው ላይ እንዲያርፍ መንገድ ይጠርጋል። በአግባቡ ካልተሠራ ግን ያቃጥላል፤ ውኃው ካልተፈላ ደግሞ አደገኛ ነው።

ውኃውን እናስቀድም። የቧንቧ ውኃ ለመጠጥ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሳይፈላ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ኔግለሪያ ፋውለሪ የሚባል አሜባ አለ፤ ቢጠጡት ምንም አያደርግም፤ በአፍንጫ ሲገባ ግን ወደ አንጎል ይዘልቃል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም የያዘውን ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ስለዚህ ውኃው ፈልቶ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ 3 ደቂቃ፤ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ከድኖ ማቀዝቀዝ ነው። የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃም ይሆናል። የፈላውን በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት፤ ያደረውን ይድፉት።

ልኬቱ፦ ለ1 ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው፤ ይህም በ5 ሚሊ ሊትር የሻይ ማንኪያ ተላግቶ ሲለካ አንድ ተኩል ማንኪያ ደቃቅ ጨው ያህል ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨምሩበት ማቃጠሉን ያለዝባል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ለ240 ሚሊ ሊትር ውኃ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ጨው ይበቃል። ደረቅ (ሻካራ) ጨው በማንኪያ ሲለካ ክብደቱ ስለሚያንስ ሚዛን ካለ በሚዛን ይለኩ። አዮዲንና እንዳይጋገር የሚጨመር ነገር የሌለበት ጨው ይሻላል፤ የተጨመረበት ጨው አንዳንድ አፍንጫን ያስቆጣል።

ልኬቱ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? 9 ግራም በሊትር ማለት ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የተመጣጠነ ጨዋማነት ነው። ከዚያ ሲያንስ ውኃው ወደ ሴሎቹ ይገባና ያብጣሉ፤ ያቃጥላልም። መዋኛ ውስጥ ውኃ አፍንጫ ሲገባ የሚሰማው ማቃጠል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በጣም ለወፈረ ንፍጥ ጨውን በሊትር እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ማድረስ ይቻላል፤ የበዛው ጨው ካበጠው ሥጋ ውኃ ስቦ ያወጣል፤ ግን ይቆጠቁጣልና በእሱ አይጀምሩ።

ዕቃው ሲጨመቅ የሚገፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አፈ ጠባብ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ወይም መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሊሆን ይችላል። ሲሪንጅ ሲጠቀሙ ደጋግሞ መሙላት ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የውኃውን ጠብታ በእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሞክሩ፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማዎት ልክ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ግንባር ያሳምማል።

2. በቀስታ ይናፈጡ። አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ አያስገድዱ፤ ሙቅ ውኃ ከታጠቡ በኋላ ይሞክሩ።

3. መታጠቢያ ገንዳው ላይ ያጎንብሱና ራስዎን ወደ አንድ ጎን ያዘንብሉ፤ አንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ከሌላው በላይ ይሁን። ቀና አይበሉ፤ ቀና ያለ ሰው ውኃውን በጉሮሮው ነው የሚያገኘው።

4. አፍዎን ከፍተው በአፍ ብቻ ይተንፍሱ። «ካ፣ ካ፣ ካ» ቢሉ የላንቃው ጀርባ ከፍ ብሎ ውኃው ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይረዳል።

5. ጫፉን ከላይ በሆነው ቀዳዳ አስገብተው አቅጣጫውን ወደ ራስ ቅሉ ጀርባ ያድርጉ፤ ወደ ላይ ወደ ግንባር አይደለም። ቀስ ብለው 120 ሚሊ ሊትር ያህል ያሳልፉ። ውኃው በሌላኛው ቀዳዳ ይወጣል፤ ከፊሉ በአፍ ቢወጣ ይትፉት።

6. ራስዎን ወደ ሌላው ጎን አዙረው ይድገሙት።

7. እንዳጎነበሱ ራስዎን ግራና ቀኝ ያዙሩ፤ የቀረው ይንጠባጠብ። ከዚያ ሁለቱንም ቀዳዳ ሳይደፍኑ በለስላሳው ይናፈጡ። አፍንጫን ይዞ በኃይል መናፈጥ ውኃውን ወደ ጆሮ ይገፋዋል።

8. ዕቃውን በተፈላ ውኃና ሳሙና አጥበው ክፍት አድርገው ያድርቁ። የፕላስቲኩን ጠርሙስ በየ3 ወሩ ይቀይሩ።

ሕመሙ በበረታበት ጊዜ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይጠቡ፤ ሲሻልዎ ይቀንሱ። የማታውን ከመተኛትዎ ቢያንስ 1 ሰዓት ቀደም አድርገው ይጨርሱት፤ አለዚያ ሳይነስ ውስጥ የቀረው ውኃ ተኝተው ሳለ ጉሮሮዎ ላይ ይወርዳል፤ ልናስቀረው የተነሳነውን ነገር በእጃችን አመጣነው ማለት ነው። ከታጠቡ ከሰዓታት በኋላ ዝቅ ሲሉ ድንገት ውኃ ዱብ ቢል አይደንግጡ፤ እዚያው ታቁሮ የነበረ ነው።

ጆሮ ላይ ጫና ከተሰማዎት አጥብቀው ጨምቀዋል ወይም ውኃው እየፈሰሰ ሳለ ውጠዋል ማለት ነው። የሚያቃጥል ከሆነ ጨውና ሙቀቱን እንደገና ይለኩ። ጆሮው የሚያመው ወይም ታምቡሩ የተቀደደ፣ በቅርቡ የአፍንጫ፣ የጆሮ ወይም የራስ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ሲውጥ ትን የሚለው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይታጠብ። ሕፃናትን ማጠብ ለማይተባበሩበት ዕድሜ አይሆንም፤ ለእነሱ የጨው ውኃ ጠብታ ይበቃል።

የሚረጭ መድኃኒት፦ አረጫጨቱ ላይ ነው የሚበላሸው

ለአለርጂና ለቆየ የአፍንጫ እብጠት ዋናው መድኃኒት የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፦ ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ፣ ቤክሎሜታዞን። ሰው ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ይጠብቃል፤ አይመጣም። ሙሉ ውጤቱን ለማየት በየቀኑ ሳያቋርጡ እስከ 2 ሳምንት መጠቀም ያስፈልጋል። 50 ማይክሮግራም ፍሉቲካዞን ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በቀን አንድ ጊዜ በእያንዳንዱ ቀዳዳ 2 መርጫ ሆኖ ሲሻል ወደ 1 ይቀነሳል። ለልጅ ያለው መጠን የተለየ ነው።

በጨው ውኃ ከታጠቡ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ጠርሙሱን ያናውጡ፤ አዲስ ከሆነ ብናኙ እኩል እስኪወጣ ድረስ በአየር ላይ ጥቂት ጊዜ ይርጩት። ራስዎን በትንሹ ዝቅ አድርገው ወደ እግርዎ ይመልከቱ። በቀኝ እጅዎ የግራውን ቀዳዳ፣ በግራ እጅዎ የቀኙን ይርጩ። እጅ ሲቀያየር ጫፉ በራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮው አቅጣጫ ይዞራል፤ መሆን ያለበትም እንዲያ ነው። መድኃኒቱ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ደጋግሞ ካረፈ ያደርቀዋል፤ ያደማዋልም። ሲረጩ አበባ እንደሚያሸቱ ያህል በቀስታ ብቻ ይሳቡ። መድኃኒቱ ጉሮሮዎ ላይ ከመረረዎት በኃይል ስበዋል፤ የዋጡት መድኃኒት ደግሞ ለአፍንጫ አይጠቅምም።

የታፈነ አፍንጫን በደቂቃዎች የሚከፍቱት ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን የተለዩ ናቸው። ከ3 ቀን በላይ አይጠቀሙባቸው። ከዚያ ሲያልፍ አፍንጫው መድኃኒቱ ባለቀበት ሰዓት ይበልጥ ያብጣል፤ ሰውየው እንደገና ይረጫል፤ እንደገና ያብጣል። በዚህ መንገድ ለዓመታት ጠርሙስ ከኪሱ የማይለይ ሰው አለ። እንደዚያ ከሆኑ የስቴሮይዱን ስፕሬይ ጀምረው መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ፣ ቆይተው በሌላው ማቆም ሥቃዩን ያቀለዋል፤ ከሐኪም ጋር ቢሆን ይመረጣል።

እንደ ቧንቧ ለሚፈሰው «ቁጡ አፍንጫ» ሐኪም የሚያዘው ኢፕራትሮፒየም የተባለ የአፍንጫ ስፕሬይ አለ፤ ፍሳሹን ይቀንሳል፤ መታፈንን ግን አይከፍትም።

ክኒኖች

ለአለርጂ ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ለአዋቂ የተለመደ መጠን ነው፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት መጠኑን ያስቀንስ። ማሳከክና ማስነጠስን ይይዛሉ፤ አለርጂ ለሌለበት ጉሮሮ ግን ብዙም አይፈይዱም። የቀድሞዎቹ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን ያደርቃሉ፤ ያስተኛሉም። ፍሳሹ እንደ ውኃ ለሆነበት ሰው ማታ ሊያሳርፉት ይችላሉ፤ አክታው ሙጫ ለሆነበት ግን የባሰ ያጣብቁታል። ለአረጋውያን፣ ለፕሮስቴት ችግርና ለግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም) ደግሞ አይመከሩም፤ ሽንት ይይዛሉ፤ አእምሮ ያደናግራሉ። ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው የጉንፋን ክኒኖች የደም ግፊት ስለሚጨምሩ ግፊት ያለበት ሰው ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ጓይፈነሲን የተባለው የአክታ ማቅጠኛ አንዳንዱን ይረዳል፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ አይደለም።

አንቲባዮቲክ? አብዛኛው የሳይነስ መቆጣት የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሐኪም የሚያስብበት 10 ቀን አልፎ ካልተሻለ፣ ተሽሎ ከተመለሰ፣ ወይም ከመጀመሪያው 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመግል መሰል ንፍጥና ከፊት ሕመም ጋር ከ3 እስከ 4 ቀን ከቆየ ነው።

ጉሮሮን መጠራረግ ማቆም

እዚህ ላይ አጥብቀን እንያዝ፤ አፍንጫው ከዳነ በኋላም ሰውን አስሮ የሚያስቀረው ይህ ልማድ ነው። «እህ» ባሉ ቁጥር የድምፅ አውታሮች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሲጋጩ ያብጣሉ፤ የተጎዳው ሥጋ ራሱን ለመሸፈን ተጨማሪ ንፍጥ ያወጣል፤ ያ ንፍጥ ደግሞ ሌላ «እህ» ይጠራል። የሚያቆመው ሌላ ነገር በቦታው መተካት ነው።

ፍላጎቱ ሲመጣ መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ውኃ ይጎንጩ። ውኃ ከሌለ አገጭዎን ወደ ደረት ዝቅ አድርገው ምራቅዎን በደንብ ይዋጡ። ያ ካልበቃ ድምፅ ሳያወጡ መስታወት እንደሚያደበዝዙ ያህል «ህ» ብለው አየር ይግፉና ወዲያው ይዋጡ። ከንፈር ገጥሞ በለስላሳው «እምም» ማለትም የተጣበቀውን ያላቅቃል። ፍላጎቱ በአብዛኛው በሰከንዶች ውስጥ ይበርዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ የቤተሰብ ሰው ሲሰማዎት እንዲያስታውስዎት ያድርጉ፤ ብዙ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው ራሱ አያውቅም።

ውኃ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ ሽንትዎ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮብዎ ፈሳሽ የተገደበልዎ ከሆነ ገደቡን አይለፉ። በአንድ ብርጭቆ (240 ሚሊ ሊትር) ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ቢጉመጠመጡ ጉሮሮ ይላላል። ማር ሳልን ያለዝባል፤ ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም። ሜንቶል ያለበት ከረሜላ ለጊዜው ቢያቀዘቅዝም አንዳንዱን ያደርቃል፤ ተራ ከረሜላ ምራቅ ለማምጣት ይበቃል።

ወተት አክታ ያበዛል ይባላል። አያበዛም፤ ከምራቅ ጋር ሲደባለቅ ለጊዜው ስለሚወፍር ጉሮሮ የተሸፈነ ያስመስላል። ስሜቱ የሚረብሽዎ ከሆነ ይቀንሱት፤ ሐኪም ያዘዘ ያህል ግን የግድ መተው የለብዎትም። በፈላ ውኃ መታጠንም ለጊዜው ያላላል፤ የሚያሳዝነው በእሱ የተነሳ የሚቃጠለው ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ መኖሩ ነው። ሙቅ ሻወር ያንኑ ጥቅም ያለ አደጋው ይሰጣል።

ሌሊቱን ማስተካከል

የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጠንካራ ነገር ከፍ ያድርጉ። ትራስ መደራረብ ይህን አይተካም፤ አንገትን ያጥፋል፤ ሆድን ጨምቆ ሪፍለክሱን ሊያብስ ይችላል። በግራ ጎን መተኛት ከጨጓራው አቀማመጥ የተነሳ አሲዱ እንዳይመለስ ይረዳል። የመጨረሻውን ምግብ ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። ከምሽቱ ምግብ መጠን መቀነስ፣ ቅባት፣ አልኮል፣ ቸኮሌትና ቡና መቀነስ፣ የጠበቀ ቀበቶ መፍታት፣ ትርፍ ክብደት ካለ ማውረድ፦ ሪፍለክስ ያለበት ሰው በእነዚህ 4 ሳምንት ይሞክር። ጉሮሮ ብቻ ላስቸገረው፣ ቃር ለሌለበት ሰው የአሲድ መቀነሻ ክኒኖች (ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ) ብዙ ጊዜ የታሰበውን ያህል አይሠሩም፤ ከተጀመሩም በሐኪም፣ ለተወሰነ ጊዜ ተሞክረው፣ ካልጠቀሙ ይቁሙ።

መኝታ ቤቱስ? የቤት አቧራ ነፍሳት (ማይት) የሚራቡት ፍራሽና ትራስ ውስጥ ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠቡ። የክፍሉ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ንፍጥ ይደርቃል፤ ሲበዛ ሻጋታና ማይት ይፈላሉ። እርጥበት ሰጪ መሣሪያ ካለዎት ውኃውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ ያልታጠበ መሣሪያ ሻጋታውን ወደ አየር ይረጨዋል። ሲጋራ ንፍጥ የሚያመርቱትን እጢዎች ያነቃል፤ የሚገፉትን ፀጉሮች ደግሞ ሽባ ያደርጋል። የሚያጨስ ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ ቢያደርግ ያጨሰውን ያህል አይክስም።

ቤት ውስጥ የማይጠበቅ ነገር

ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ ዕይታ ከደበዘዘ፣ ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፣ ወይም መተንፈስ ከከበደ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ራስ ከተመታ በኋላ በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ጥርት ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ውኃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላልና አይናፈጡ፤ ወዲያው ይታዩ። ትንሽ ልጅ በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ ካለው ባቄላ፣ ዶቃ ወይም ሌላ ነገር አስገብቶ ይሆናል፤ የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል።

በአክታ ውስጥ ደም፣ ሳይፈልጉ የሚቀንስ ክብደት፣ የሌሊት ላብ፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ ሲውጡ መቸገር፣ ከ3 ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን፣ ዘወትር በአንድ ወገን የሚደማ ወይም የሚደፈን አፍንጫ፦ እነዚህ ቀጠሮ የሚሹ ናቸው። ሳል 2 ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግም ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ሆኖ መታጠቡንና ስፕሬዩን በትክክል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተጠቅመው ካልተሻለዎ የአንገት በላይ ሐኪም ይዩ። ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ የአፍንጫውን ውስጥና ማንቁርቱን ያያል፤ እንዳስፈላጊነቱ የአለርጂ የቆዳ ምርመራ ወይም የሳይነስ ሲቲ ስካን ያዛል። ሲሄዱ የ7 ቀኑን ማስታወሻ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉና የሞከሩትን እያንዳንዱን ለስንት ቀን እንደተጠቀሙበት ጽፈው ይያዙ። «ስፕሬይ ሞክሬያለሁ፤ አልሠራም» ሲባል ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቀው ለስንት ቀን እና በየትኛው እጅ ብሎ ነው።